ቶሪዎች በአውሮፓ ጉዳይ ለምን እርስ በርስ ተበላሉ?

ከክሮይደን፦

ሰላም ለመላው ቤተሰብ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፣ እንዳንደናገር።

እዚህ አገር የገባሁት ቴሬዛ ሜይ ጠቅላይ ሚኒስትር እያለች ነው። ከዚያ ጆንሰን መጣ፣ ትረስ መጣች፣ ሱናክ መጣ። ሁሉም ከአንድ ፓርቲ፣ ቶሪ ከሚባለው ከወግ አጥባቂው። ዋናው ተቀናቃኙ ሌበር ነው። ሥራ ቦታ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ቶሪ የመረጠ ሽማግሌ አለ። ሻይ ሰዓት ላይ ፖለቲካ ከተነሳ «እኛን የጨረሰን ሌበር ሳይሆን አውሮፓ ነው» ይላል። ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። ታቸር፣ ሜጀር፣ ካሜሮን፣ ሜይ። አራቱም ወይ በዚሁ ጉዳይ ወደቁ፣ ወይ ሲታመሱበት ኖሩ።

ያልገባኝ ይሄ ነው። እነዚህ ሰዎች በግብር ይስማማሉ፣ በሠራተኛ ማኅበር ይስማማሉ፣ ብዙዎቹ የተማሩትም አንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ነው። ታዲያ ብራስልስ (የአውሮፓ ኅብረት መቀመጫ) ሲባል ለምንድነው ዓይንህን ለአፈር የሚባባሉት? የመርህ ጠብ ነው ወይስ የወንበር? የምታውቁ አስረዱኝ።

ጋሼ_ስቶክዌል፦

ልጄ፣ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። እኔ ፀጉሬ የሸበተው እዚሁ አገር ነው። ወጣቶቹ ነገሩ በ2016፣ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ በተባለው ሕዝበ ውሳኔ የተጀመረ ይመስላቸዋል።

አገሪቱን ወደ አውሮፓ ማኅበር ያስገቧት ራሳቸው ቶሪዎች ናቸው። ኤድዋርድ ሂዝ ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 አስገቧት። ያኔም ቢሆን ፓርቲያቸው አንድ ልብ አልነበረም። ኦክቶበር 1971 ላይ ፓርላማው «በመርህ ደረጃ እንግባ ወይ?» ብሎ ድምፅ ሲሰጥ 39 የሂዝ ሰዎች እምቢ አሉ። ክፍተቱን የሞሉላቸው 69 የሌበር አባላት ናቸው፣ ከገዛ ፓርቲያቸው አፈንግጠው። ከተቃወሙት ቶሪዎች ዋናው ኢኖክ ፓወል ነበሩ። ስለ ስደተኛ የተናገሩትን ሁላችንም እናውቃለን፣ እሱን ልተወው። በ1974 መጀመሪያ ምርጫ ላይ ጭራሽ ሰዉን «ሌበርን ምረጡ» ብለው አረፉት። ሌበር እንደገና እንደራደራለን ብሎ ቃል ስለገባ።

የሚገርምህ በ1975ቱ ሕዝበ ውሳኔ ማርጋሬት ታቸር «እንቆይ» ባይ ነበሩ። የአባል አገራቱ ባንዲራ ያለበት ሹራብ ለብሰው ሲቀሰቅሱ የተነሱት ፎቶ ዛሬም ይዞራል። 67 በመቶው ሕዝብ እንቆይ አለ። ያን ጊዜ ለሁለት የተሰነጠቀው ሌበር ነው። የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልሰን ሚኒስትሮቻቸውን «ሁላችሁም እንደመሰላችሁ ቀስቅሱ» ብለው ለቀቋቸው። ካሜሮን በ2016 ያደረጉትም ያንኑ ነው፣ ፓርቲው ብቻ ተቀየረ።

የሕግ_ተማሪ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የመርህ ጠብ ነው ባይ ነኝ።

ቶሪ ማለት ሁለት ሰው አንድ ቤት ውስጥ ነው። አንዱ ነጋዴው ነው፣ ገበያ ይስፋ፣ ቀረጥ ይቅር የሚል። ሌላው ደግሞ ከዌስትሚኒስተር ፓርላማ በላይ ሕግ የሚያወጣ አካል የለም ብሎ የሚምል። ነገሩ «የጋራ ገበያ» እየተባለ ሲጠራ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ኖሩ። ችግሩ ገበያውን አንድ ለማድረግ አንድ ዓይነት ሕግ ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት ሕግ ለማውጣት ደግሞ አንድ አገር ብቻውን እምቢ ማለት መቻሉ መቅረት አለበት። በ1986 በብዙ ጉዳይ የአብላጫ ድምፅ እንዲሠራ የሚያደርገውን ውል የፈረመችው ማን ናት? ታቸር። ገበያውን ፈልጋው ነበር። የከፈለችበት ዋጋ የገባት በኋላ ነው።

ከዚያ 1988 መጣ። ሴፕቴምበር 8 የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ዣክ ደሎር ቦርንማውዝ ድረስ መጥቶ ለእንግሊዝ ሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ ንግግር አደረገ። የሠራተኛ መብት ከአውሮፓ በኩል ይመጣላችኋል አላቸው። ቆመው አጨበጨቡለት። በ12ኛው ቀን ታቸር ብሩዥ ሄዳ መልስ ሰጠች። የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት አገር ቤት የቀነስነው ከብራስልስ ተመልሶ እንዲጫንብን አይደለም የሚል ነው መልእክቱ። በእኔ እምነት ሁለቱ ፓርቲዎች ቦታ የተለዋወጡት በዚያ ወር ነው። ሌበር በ1983 «እንወጣለን» ብሎ ምርጫ የገባ ፓርቲ ነበር እኮ!

አንድ ልጨምር። የስፔን ዓሣ አጥማጆች መርከባቸውን እንግሊዝ አገር አስመዝግበው የእንግሊዝን የዓሣ ኮታ ያጠምዱ ነበር። ፓርላማው በ1988 ሕግ አውጥቶ ከለከላቸው። ከሰሱ። በ1990 ፍርድ ቤቱ የፓርላማውን ሕግ አገደው፣ ከአውሮፓ ሕግ ጋር ስለሚጋጭ። ለቶሪ የሕግ ሰዎች ይሄ መብረቅ ነበር። ፓርላማ ያወጣውን ሕግ ዳኛ ሲያስቆም አይተው አያውቁማ።

ሰልችቶኛል፦

ኧረ ባካችሁ። መርህ ምናምን። ቦሪስ ጆንሰን በ2016 ከመወሰኑ በፊት ሁለት ጽሑፍ ነው ያዘጋጀው፣ አንዱ እንውጣ የሚል፣ አንዱ እንቆይ የሚል። የትኛው ወንበር እንደሚያስገኝ አሰላ፣ መረጠ፣ አለቀ። ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ ደግሞ ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ የጆንሰንን የፓርቲ መሪነት ዘመቻ እመራለሁ ብሎ፣ እጩነት በሚዘጋበት ቀን ጠዋት «ለመሪነት አይበቃም» ብሎ ራሱ ተወዳደረ። ይሄ ነው መርህ?

የሕግ_ተማሪ፦

@ሰልችቶኛል ጆንሰንን ተወው፣ እሱን እኔም አልከራከርልህም። ኬኔት ክላርክን ግን ምን ትለዋለህ? የገንዘብ ሚኒስትር የነበረ፣ ሕዝቡ የሚወደው፣ የአውሮፓ ደጋፊ መሆኑን ደብቆ የማያውቅ ሰው። በ1997፣ በ2001፣ በ2005 ለፓርቲው መሪነት ተወዳድሮ ሦስቴም ወደቀ። አቋሙን ትንሽ ቢያለዝብ ምናልባት ያገኘው ነበር። አላለዘበም። በ2001 ያሸነፈው ኢየን ደንከን ስሚዝ ማነው? የአውሮፓ ኅብረትን በመሠረተው በማስትሪክት ስምምነት ጉዳይ በራሱ መንግሥት ላይ ሲያምፅ የነበረ ሰው። በየጊዜው ሲያምፅ የነበረ ሰው መጥቶ «ታዘዙኝ» ሲል አስበው። በሁለት ዓመቱ አባረሩት።

ወንበር_ቆጣሪ፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁለታችሁም ዋናውን ስታችኋል። ዋናው ሒሳብ ነው።

በየትኛውም ዘመን 30፣ 40 የሚሆኑ አውሮፓን የማይወዱ ቶሪዎች ነበሩ። ታቸር በ1987 ከሌሎቹ ሁሉ ተደምረው በ102 ወንበር ትበልጥ ነበር። ሰላሳ ሰው ቢያምፅ ምን ታደርገዋለህ? ምንም። ሜጀር በ1992 ሲያሸንፍ ብልጫው 21 ነበር። ያው ሰላሳ ሰው በአንድ ጊዜ የአገሪቱ ጌታ ሆነ። ሰዎቹ አልተቀየሩም፣ ቁጥሩ ነው የተቀየረው።

አንዷን ማታ ልንገራችሁ። ጁላይ 22 ቀን 1993። እዚያ ፓርላማ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት አይደለም። አባላቱ ተነስተው በሁለት መተላለፊያ ይገባሉ፣ ደጋፊው በአንዱ፣ ተቃዋሚው በሌላው፣ ሲወጡ አንድ ሁለት እየተባለ ይቆጠራሉ። ሜጀር የማስትሪክትን ስምምነት ሲፈርም የሠራተኛ መብት ምዕራፉን አስወጥቶ ነበር። ሌበር ምዕራፉ ይግባ አለ። አማፂ ቶሪዎቹ ያንን ምዕራፍ አጥብቀው ይጠሉታል። ግን ስምምነቱን በሙሉ ለማሰናከል ሲሉ አንዳንዶቹ ከሌበር ጋር በአንድ መተላለፊያ ገቡ! ቆጠራው 317 ለ317 ሆነ። አፈ ጉባኤዋ ቤቲ ቡትሮይድ በወጉ መሠረት ድምፅዋን ለመንግሥት ሰጠች። ወዲያው በተከተለው ሁለተኛ ድምፅ መንግሥት 324 ለ316 ተሸነፈ። ሜጀር በማግስቱ የመተማመኛ ድምፅ ጠየቀ፣ ካልደገፋችሁኝ ምርጫ እንገባለን ማለት ነው። ምርጫ ቢገቡ እንደሚያልቁ ስለሚያውቁ ደገፉት። የዚያኑ ቀን ከቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ በኋላ ማይክ መከፈቱን ሳያውቅ ካቢኔው ውስጥ ያሉትን ፀረ አውሮፓዎች «ዲቃሎች» ብሎ ሰደባቸው፣ አገር ሰማው።

አሁን ወደ 2019 ዝለሉ። የሜይ ስምምነት ጃንዋሪ 15 ቀን 432 ለ202 ወደቀ። 118 የራሷ ሰዎች ተቃወሙ። «ይሄ መውጣት አይባልም» የሚሉ ጠንካሮቹ፣ «ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ» ከሚሉት ጋር በአንድ መተላለፊያ። ያው ፊልም ነው። ሜይም በ2017 ሳያስፈልግ ምርጫ ጠርታ ብልጫዋን ስላጣች በሰሜን አየርላንዱ ፓርቲ በዲዩፒ 10 ወንበር ነበር የቆመችው።

ከክሮይደን፦

ዋው። እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን፣ ማስትሪክት ያን ያህል ለምን አሳበዳቸው? ነጠላ ገንዘቡ ውስጥ እኮ እንግሊዝ አልገባችም።

ወንበር_ቆጣሪ፦

አዎ፣ ሜጀር ከዩሮ የመቅረት መብት ይዞ ነው የመጣው። ግን መሀል ላይ ሁለት ነገር ተፈጠረ። ጁን 1992 ዴንማርኮች በሕዝበ ውሳኔ ስምምነቱን እምቢ አሉ። «መቃወም ይቻላል ለካ!» ተባለ። ከዚያ ሴፕቴምበር 16 መጣ፣ ጥቁሩ ረቡዕ የሚሉት።

ፓውንድ ከሁለት ዓመት በፊት በአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት ገብቶ ከጀርመን ማርክ ጋር ታስሮ ነበር፣ ከተወሰነ ልክ በታች እንዳይወርድ። ነጋዴዎቹ ይወርዳል ብለው መሸጥ ጀመሩ፣ ጆርጅ ሶሮስም አንዱ ነው። መንግሥት በቢሊዮን የሚቆጠር የውጭ ምንዛሪ እያፈሰሰ ፓውንድ ይገዛል። አልሆነም። ጠዋት ወለዱን ከ10 ወደ 12 በመቶ አደረጉት። አልሆነም። ከሰዓት በኋላ ነገ 15 ይሆናል አሉ። በአንድ ቀን! የቤት ብድር ያለበት ሰው የዚያን ቀን ምን እንደተሰማው አስቡት። ማታ የገንዘብ ሚኒስትሩ ላሞንት ወጥቶ «ለቀናል» አለ። ቶሪ በኢኮኖሚ ይታመናል የሚባለው ነገር ያን ዕለት ሞተ። ሌላው ደግሞ ከለቀቁ በኋላ ኢኮኖሚው ማገገሙ ነው። ፀረ አውሮፓዎቹ «አላልናችሁም?» አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው።

ጋሼ_ስቶክዌል፦

የታቸርን አወዳደቅ ዘለላችሁት እኮ። እሱን በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ፣ ካሜራ ፓርላማ ውስጥ ከገባ ገና ዓመቱ ነበር።

ጄፍሪ ሃው የሚባሉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ አይሰሙም። ለታቸር 11 ዓመት በሚኒስትርነት ያገለገሉ ናቸው። ታቸር ኦክቶበር 1990 መጨረሻ ላይ ደሎር ለሚያስበው ሁሉ «አይሆንም፣ አይሆንም፣ አይሆንም» ብለው ሲጮሁ፣ ሃው በሁለተኛው ቀን ሥራቸውን ለቀቁ። ኖቬምበር 13 ከኋላ ወንበር ተነስተው የመሰናበቻ ንግግር አደረጉ። አጠገባቸው ናይጀል ሎውሰን፣ እሳቸውም የለቀቁ የገንዘብ ሚኒስትር። ታቸር ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እየሰሙ ነው። ሃው ወረቀታቸውን ይዘው፣ በዚያች በተኛች ድምፅ፣ አውሮፓ ሄዶ መደራደር ማለት ተጫዋች ወደ ሜዳ ልከው ከጨዋታው በፊት ዱላውን የራሱ ቡድን ካፒቴን ሰብሮት እንደማግኘት ነው አሉ። ክሪኬት ነው እንግዲህ፣ የእነሱ ነገር። ምክር ቤቱ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። በመጨረሻ ሌሎቹም ከየትኛው ወገን እንደሚቆሙ እንዲያስቡበት ጠየቁ።

የቀድሞ ሚኒስትራቸው ሄዘልታይን በማግስቱ ለፓርቲው መሪነት ውድድር ቀረቡ። ታቸር 204 ለ152 በለጡ፣ በደንቡ መሠረት ግን 4 ድምፅ ጎደላቸው። ሁለተኛ ዙር ሳይደርስ ኖቬምበር 22 ለቀቁ። ሦስት ምርጫ ያሸነፈ መሪ! ደጋፊዎቻቸው ይሄን ይቅር አላሉም። ከዚያ በኋላ ያለው ጠብ ግማሹ የበቀል ነው የምለው ለዚህ ነው።

የሮተርዳሟ፦

ታሪኩ ጥሩ ነው፣ ግን የእነሱ ጠብ እኛ ላይ ምን እንዳደረገ ማንም አላነሳም።

እኔ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ የኔዘርላንድ ዜግነት አለኝ። ወደ ለንደን የመጣሁት በዚያ ፓስፖርት ነው፣ ያኔ ቪዛ የለ ምን የለ። እንደኔ ከሆላንድም ከስዊድንም ከጣልያንም የመጡ ብዙ ሐበሾች አውቃለሁ። በ2016 ድምፅ መስጠት አልቻልኩም። የአውሮፓ ዜጎች አይመርጡም ተባለ፣ ከአየርላንድ፣ ከማልታና ከቆጵሮስ በቀር። ጎረቤቴ ናይጄሪያዊት ግን የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ማኅበር) ዜጋ ስለሆነች መረጠች። እሷ መምረጧ አልከፋኝም፣ ግን ስለኔ ኑሮ ነበር እኮ የሚወሰነው። በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ነበረብን፣ የመጨረሻው ቀን ጁን 30 ቀን 2021። ስልክ ላይ ፓስፖርት ስካን አድርጊ፣ ፊትሽን አንሺ፣ አምስት ዓመት መኖርሽን አሳዪ። እኔ የታክስ መዝገቤ ስላለ ቶሎ ወጣልኝ። ቤት ለቤት እንክብካቤ በጥሬ ገንዘብ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ግን ማስረጃ ስታሰባስብ ከረመች።

የእንግሊዝ ዜግነት ውሰጂ ትሉኛላችሁ። ኔዘርላንድ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዜግነት ከወሰድሽ የእሷን ትቀማለች። እናቴ ሮተርዳም ናት። ይሄ ሁሉ የመጣው አንድ ፓርቲ የቤት ጣጣውን መጨረስ ስላቃተው ነው።

ፔካም_ነኝ፦

እህቴ ስሜትሽ ይገባኛል። እኔ ግን ሳልደብቅ ልናገር፣ የመረጥኩት እንውጣን ነው። አትስደቡኝ።

በ2012 የትዳር ቪዛ ላይ የገቢ ልክ 18,600 ፓውንድ ሲደረግ ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ስንት መከራ አየሁ። ማታ ማታ ተጨማሪ ሥራ። አብሮኝ የሚሠራው ፖላንዳዊ ሚስቱን በአውቶቡስ አመጣት። በቅስቀሳው ጊዜ ደግሞ ከአውሮፓ ከወጣን ለሁሉም እኩል ሕግ ይሆናል፣ ለኮመንዌልዝም ለሌላውም በሩ ይከፈታል ሲሉ ነበር። አመንኩ።

ሰልችቶኛል፦

@ፔካም_ነኝ ከዚያስ? በኤፕሪል 2024 የገቢ ልኩ 29,000 ሆነ። እኩል አደረጉልህ እኮ፣ አሁን ፖላንዳዊውም አያመጣም 😂

አወያይ፦

ከዚህ በታች የነበሩ ሁለት መልሶች ተነስተዋል። በሐሳብ ተከራከሩ፣ ሰው አትንኩ።

ከክሮይደን፦

@የሮተርዳሟ @ፔካም_ነኝ ይሄን ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ። ካሜሮን ግን ያን ሕዝበ ውሳኔ ለምን ጠራው? ማን አስገደደው?

ወንበር_ቆጣሪ፦

ሕዝቡ አላስገደደውም። የራሱ ሰዎች ናቸው። መሪ በሆነ በዓመቱ «ስለ አውሮፓ መነዝነዝ እንተው» ብሎ ለፓርቲው የተናገረ ሰው ነው። ኦክቶበር 2011 ግን 81 የራሱ አባላት ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ብለው አመፁበት። ውጭ ደግሞ ከአውሮፓ እንውጣ የሚለው የናይጀል ፋራጅ ፓርቲ ዩኪፕ ድምፃቸውን እየሸረሸረ ነው። ጃንዋሪ 2013 ላይ በ2015 ካሸነፍኩ ሕዝበ ውሳኔ አደርጋለሁ አለ። ብዙ ሰው የሚለው፣ እኔም የምስማማበት፣ ብቻውን አሸንፋለሁ ብሎ አልጠበቀም። እንደገና ከሊበራል ዴሞክራቶች ጋር ጥምረት ይሆናል፣ እነሱ ይከለክሉታል፣ ይገላገላል። በ12 ወንበር አሸነፈ። ጣጣው ያኔ መጣ።

ጁን 23 ቀን 2016 51.9 ለ48.1 ተሸነፈ። ከቶሪ የፓርላማ አባላት አብዛኞቹ እንቆይ ያሉ ነበሩ፣ 138 ገደማ ደግሞ እንውጣ። እንውጣ ካሉት ውስጥ ጎቭን ጨምሮ ተቀምጠው አብረውት ካቢኔ የሚሰበሰቡ ነበሩ።

የሕግ_ተማሪ፦

ከዚያ ጆንሰን ሒሳቡን ገለበጠው። ሴፕቴምበር 2019 ያለ ስምምነት መውጣትን የተቃወሙ 21 አባላትን ባንድ ማታ ከፓርላማ ቡድኑ አባረረ። ክላርክ አንዱ ነው፣ የቸርችል የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስ ሌላው። ሜጀር በ1994 ስምንት ፀረ አውሮፓ አማፂዎችን ሲያባርር ሌላ አማራጭ ስላልነበረው በወራት ውስጥ ያለ ቅድመ ሁኔታ መልሷቸዋል። ጆንሰን ግን ምርጫ ጠርቶ 80 ወንበር ብልጫ አመጣ። በሌላ አነጋገር ጠቡ የተፈታው አንደኛውን ወገን ከቤት በማስወጣት ነው። የተባረሩት ሰዎች በከተሞች አካባቢ ያሉ የነጋዴውን ወገን መራጮች ይዘው ነው የሄዱት።

ሰልችቶኛል፦

በ2024 ደግሞ 365 የነበረው የቶሪ ወንበር 121 ሆነ። በታሪኩ ዝቅተኛው። የፋራጅ አዲሱ ፓርቲ ሪፎርም ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ወሰደ። በአንድ በኩል የአውሮፓ ወዳጆቹን አባረሩ፣ በሌላ በኩል ጠላቶቹ «አልበቃንም» ብለው ሄዱ። እሺ፣ የኮቪድ ጊዜ ግብዣውም፣ የትረስ በጀትም አለበት፣ ሁሉን በአውሮፓ አላላክክም።

ጋሼ_ስቶክዌል፦

አሁን ደግሞ ስትራስቡርግ ላይ ነው የዞሩት። የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤቱ ላይ። የቶሪ መሪ ባዴኖክ ፍርድ ቤቱ ከቆመበት የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ስምምነትም እንወጣለን ብለዋል። ስምምነቱን ካረቀቁት አንዱ ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ ቶሪ እንደነበሩ የሚያነሳ የለም።

የሮተርዳሟ፦

@የሕግ_ተማሪ ከዚያ ከወጡ የኔ መኖሪያ ፈቃድ ይነካል? ልቤ ቆመ።

የሕግ_ተማሪ፦

አይዞሽ፣ ያንቺ መብት የተጻፈው በሌላ ውል ነው፣ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ በፈረመችው። ከስትራስቡርጉ ስምምነት መውጣት ያንን ውል አይሰርዘውም። ይልቅ ፓስፖርትሽን ስታሳድሺ አዲሱን ቁጥር ኦንላይን አካውንትሽ ላይ ማስገባት እንዳትረሺ። ብዙ ሰው ኤርፖርት ላይ የሚጉላላው በዚያ ነው።